ልጃችን ያን ቀን ቤት ነበር

ሰይዶዬ፣

ከተለየኸኝ አራተኛው መኸር ገባ። ጊዳ አያና ያለው ቤታችን ዛሬ ሰው የለበትም። እኔ ነቀምት፣ ጨለለቂ ሰፈር፣ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። አከራዬ አዮ ጫልቱ ጠዋት ጠዋት ደጄ ላይ ቆመው «ነጋ ቡልቴ?» ይሉኛል። በሰላም አድሬያለሁ እላለሁ። ግን በጠራራ ፀሐይ እንኳ ከግድግዳው ጀርባ ማጭድህን በሞረድ ስትስል ይሰማኛል። የያዝኩትን ትቼ እስኪቆም እጠብቃለሁ።

ልጃችን ከማል በሄደበት አገር፣ ብመለስ እገደላለሁ ብሎ የከለላ ቪዛ ጠይቆ ተከለከለ። ያስከለከለው የእኔ ደብዳቤ ነው። እሱ ጉዳዩን ለሚያዩት ሰዎች፣ አባቴ የተገደለ ቀን ቤት ውስጥ ተደብቄ ነበር፣ የታጠቁት ሰዎች የመጡት እኔን ፍለጋ ነው ብሎ እውነቱን ተናገረ። እኔ ደግሞ ማስረጃ ይሆነዋል ብዬ በእጄ በጻፍኩት ወረቀት ላይ ልጄ ያን ቀን ነቀምት ነበር አልኩ። የእናቱ ቃል ከቃሉ አይገጥምም ብለው አላመኑትም።

ከልጁ ደብተር ፊደል ስለቅም «ዳኛ ልትሆኚ ነው?» እያልክ ትስቅብኝ ነበር። ይኸው፣ በዚያው ፊደል በገዛ ልጄ ላይ ፈረድኩ።

አሁን ጉዳዩ ፍርድ ቤት ነው። ለከማል እውነቱን ጽፌ ልላክልህ ስለው «እማ፣ ይሄ ፍርድ ቤት አዲስ ማስረጃ አይቀበልም» አለኝ። ዳኛው ከማል ቢመለስ ይገደላል አይገደልም ብሎ አይወስንም፤ የከለከሉት ሰዎች ሕጉን ጠብቀው እንደሆነ ብቻ ያያል። የጠበቃው ተስፋ አንድ ነው፤ ደብዳቤዬን ለከማል ሳያሳዩት፣ ቃላችሁ ለምን ተለያየ ብለውም ሳይጠይቁት ነው የወሰኑት። ዳኛው ይህን ጥፋት ነው ካለ ጉዳዩ እንደገና ይታያል፣ ያኔ እውነተኛው ቃሌ ይፈለጋል። ካላለ ልጁን ይመልሱታል።

ለምን እንደዋሸሁ ከማል አንድም ቀን አልጠየቀኝም። ስለሚያውቅ ነው። ያን ቀን የታጠቁት ሰዎች በር ላይ ሲቆሙ «ከማል የለም» አልኳቸው። ገፍተው ሊገቡ ሲሉ «አባቱ ጓሮ ነው፣ እሱን ጠይቁት» አልኩ። ጠይቀውት ይሄዳሉ ብዬ ነበር። ብዬ ነበር? እኔም አላውቅም። ልጁ አልጋ ሥር ሆኖ ሰማኝ። የሞረዱ ድምፅ ቆመ።

ከማል እዚያ አልነበረም ማለት፣ ያልኩትን የሰማ የለም ማለት ነበር። ደብዳቤውን የጻፍኩት ለእሱ አልነበረም፣ ለራሴ ነው።

ቀጠሮው ሐሙስ ነው። ንጹሕ ወረቀት አውጥቻለሁ። ዳኛው እስኪናገር አልጠብቅም፤ ሁሉንም እጽፋለሁ፣ ጓሮ ነው ያልኩትንም ሳልዘል። መጀመሪያ ግን አንተ መስማት ነበረብህ።

እስከዛሬ ሰው ሲጠይቀኝ «ራሳቸው አገኙት» እል ነበር። ከእንግዲህ አልልም። ስምህን ባነሳሁ ቁጥር፣ ዱዓ ባደረግሁልህ ቁጥር፣ የማስታውስህ እንደሆነው ነው፤ ጀርባህን ለቤቱ ሰጥተህ፣ አምነኸኝ፣ ማጭድህን እየሳልክ።

ዘሀራ