የጣሪያው ሰሌኖች

ሐሙስ፣ ግንቦት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣ አትቆጪ፤ ሰሌኖችሽን ከጣሪያው ያወረዷቸው ለለቅሶሽ የመጣው ሰው እንዲቀመጥባቸው ነው። ለማስተርስ ጥናትሽ መሆናቸውን ብናገርም የሰማኝ የለም። በማግስቱ ክፍልሽ እንደኔ ክፍል ጋለ። በድሬ ፀሐይ ቆርቆሮው ጥላ ካገኘ ቤቱ ይቀዘቅዛል ያልሽው እውነት ነበር።

ትናንት ድንኳኑ ሲነሳ አጎታችን ሰሌኖቹን ጠቀለላቸው።

«አቦ፣ ለእድሩ ይሰጡ! ከእንግዲህ እዛ ክፍል ማን ሊተኛ ነው?»

ጥቅሎቹን በሩ ጥግ አቁሟቸው ሄደ።

ዛሬ ጠዋት እማዬ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ቀረሁ። ፀሐይዋ ሳትበረታ ሰሌኖቹን ጣሪያው ላይ አወጣሁና፣ እንዳሳየሽኝ ከቆርቆሮው ከፍ አድርጌ በሽቦ አሰርኳቸው። የክፍልሽን ሙቀት የምትለኪበትን ቴርሞሜትርም ቦታው መለስኩት። ከዚያ ፍራሼን እየጎተትኩ ክፍልሽ አስገባሁ።