የገብሱ ዛላና የእማዬ እግር

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ምሳ ሰዓት ቤት መጣሁ። ሽሮ በላን። እማዬ ከአገሯ ከጎበሳ እኔ ዘንድ ስትመጣ ካመጣችው ገብስ አንዱን ዛላ መስኮቱ ሥር፣ ጠረጴዛው ላይ አቁሜ ፎቶ አነሳሁት። ፍሬው ጥርት ሲል ጢሙ ይደበዝዛል፤ ጢሙ ሲጠራ ፍሬው። ሁለቱን ባንዴ ማግኘት አይቻልም?

ዓርብ፣ ኅዳር 5

ይቻላል! ዩቲዩብ ላይ አገኘሁት። ፎከስ ስታኪንግ ይሉታል። ካሜራውን ሳታነቃንቅ ደጋግመህ ታነሳለህ... መጀመሪያ ፊት ያለው ፍሬ ላይ፣ ቀጥሎ ትንሽ ወደ ኋላ፣ እንደገና ትንሽ ወደ ኋላ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ከየፎቶው ጥርት ያለውን እየለቀመ አንድ ያደርገዋል። ሰውየው ሲያወራው ቀላል ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ቀላል አይደለም። አስራ ስምንት አነሳሁ። ሲገጣጠም እያንዳንዱ ጢም ሁለት ሁለት ሆኖ ቁጭ። የካሜራውን ስታንድ አጠበቅኩ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ትንፋሼን ያዝኩ። ያው ነው።

ኋላ ገባኝ። የጣውላው ወለል ነው። እማዬ በምርኩዟ ከአልጋዋ እስከ በሩ በሄደች ቁጥር ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል። ዳሌዋ ተሰብሮ ከታከመች ሁለት ወሯ ነው፤ በቀን አስር ጊዜ እንድትመላለስ ታዝዛለች።

«እማዬ፣ ትንሽ ቁጭ በይልኝ» አልኳት።

«ምነው፣ አበላሸሁብህ እንዴ?»

«ለአሁን ነው።»

ቁጭ አለች።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

መብራት የለም። ኮምፒውተሩም የለም ማለት ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

በምሳ ሰዓት አስራ ሁለት አነሳሁ። ይሻላል። ቤቱም ጸጥ ብሏል። ዕቃውን እንደተተከለ ትቼ ወደ ቢሮ ተመለስኩ። «እንዳይነቃነቅ፣ አደራ» አልኳት።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ፍሬው በሙሉ ጠርቶ ወጣ! የጢሙ ጫፍ ብቻ ቀረኝ። ብዙ ፎቶ ይፈልጋል። ስጮህ እማዬ ከወንበሯ ሆና ፈገግ አለች። ሰሞኑን ዝም ብላለች... ብርዱ ይሆን?

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

የእማዬን እግር የምትከታተለው ነርስ፣ ሲስተር አፀደ፣ ምሳ ሰዓት ላይ መጣች። እማዬን ስታስነሳት እማዬ ጮኸች። እግሯ አልታዘዝ አለ።

«እማማ እታገኘሁ፣ እየተራመዱ አይደለም እንዴ?»

ሲስተር አፀደ ጉልበቷን በእጇ ዳሰሰች።

«እንዲህ ከተቀመጡ እኮ እግርዎ እንደደረቀ ይቀራል። ኋላ እኔም ምንም ማድረግ አልችልም።»

እማዬ ጠረጴዛውን አየች። «ልጄ ሥራ ይዞ ነው። እኔ ስረግጥ ይበላሽበታል» አለች።

አስራ አንድ ቀን! ለካ እኔ ቢሮ ስውልም አትነሳም። ሽንት ቤት እንኳ የምትሄደው ግድግዳውን ይዛ፣ ወለሉን እንዳታንቀጠቅጥ እየፈራች ነው። «ትንሽ» ያልኩት እኔ፤ «ተነሺ» ማለቱን የረሳሁትም እኔ። ለገብስ ብዬ... አፈርኩ። ሲስተር አፀደን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ዕቃውን ሁሉ ሰብስቤ ካርቶን ውስጥ ከተትኩት። «ተነሺ እማዬ።» ሁለት ጊዜ ተመላልሳ ተቀመጠች። «እኔ መጥቼ ሥራህን አስተውኩህ» አለችኝ። ዕቃውን መሰብሰቤም አሳመማት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ጠዋት ፊቴን ስታጠብ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ዕቃውን መልሼ ተከልኩ። «ይሄ ፎቶ ያላንቺ አይሆንም» አልኳት። እስከ በሩ ሄዳ ተመልሳ ትቀመጣለች፤ ወለሉ ሲረጋ አንድ አነሳለሁ። እንደገና ትነሳለች። አንድ ምልልስ፣ አንድ ፎቶ። ዳመና ስለሆነ ብርሃኑ አይለዋወጥም። ካሜራው ትንሽ ቢነቃነቅ ኮምፒውተሩ ያስተካክለዋል፤ ካላስተካከለውም ይቅር።

«ሱታ፣ ሱታ» ትላለች ለራሷ፣ የጎበሳ ገበያ ኦሮምኛዋ መጥቶባት። ቀስ፣ ቀስ።

አራተኛው ላይ ፊቷ ተጨማደደ። ልተወው ስል ተቆጣችኝ። «አንሳ እንጂ! ምን ታየኛለህ?» ሰባተኛው ላይ ውሃ ጠጣች። ከዚያ በኋላ መቁጠሩን ራሷ ያዘችው።

አስራ አንደኛው ላይ ባትሪው ሞተ። ቻርጅ ማድረግ ረስቻለሁ! የጢሙ ጫፍ ዛሬም እንደደበዘዘ ቀረ።

«በቃ እማዬ፣ አለቀ» አልኳት።

«ያለቀው ያንተ ነው» አለችና ምርኩዟን አነሳች።

ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ፣ ዛላውም አብሮት። ይንቀጥቀጥ።