አክስቴ በይኝ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ያ የወገብ ሕመምሽስ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ነው የምትውዪው? እኛ ደህና ነን፤ ሁለት ሕፃን ያለበት ቤት ደህና ሊሆን የሚችለውን ያህል።

ክረምቱ ሲወጣ መጥተሽ ልጆችሽን እንደምትወስጃቸው የላክሽው መልእክት ደርሶኛል። ደውዬ ልመልስልሽ ነበር፤ ግን እነሱ ባሉበት እንዴት ይወራል? ሲተኙ ደግሞ እኔም አብሬያቸው ክንብል ነው። ስለዚህ ዛሬ ስፌቱን ገታ አድርጌ ልጻፍልሽ አልኩ።

ውሏችንን ልንገርሽ፤ ማወቅ አለብሽ። ትልቁን ልጅ ጎረቤቱ ሁሉ «ጠበቃው» ይለዋል። ፊትህን ታጠብ ስለው «ትናንት ታጥቤያለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ተኛሁ እንጂ ምን አደረግሁ?» ይለኛል። ትንሿ ጫማዋን ራሷ ካላጠለቀች አገር ይያዝልኝ ትላለች፤ ያውም ግራና ቀኙን አቀያይራ ነው። ዳቦዋን ለሁለት ከቆረስሽባትማ አለቀልሽ፤ «ሰበርሽው! ጠግኚው!» እያለች መሬት ላይ ትንከባለላለች። ጠበቃውን መዋዕለ ሕፃናት አድርሼ፣ እሷን አዝዬ ስመለስ ቀኑ ሳይጀመር ጉልበቴ አልቋል። ከዚያ ነው እንግዲህ የሰው ቀሚስ የምሰፋው። እኔ ስሰፋ እሷ ትተረትራለች። ደክሞኛል እህቴ፤ ምን እደብቅሻለሁ፣ ሰውነቴ ሁሉ ዝሏል።

ባለፈው ሰሞን ትንሿን ትኩሳት ያዛትና ጠበቃውን አስከትዬ ክሊኒክ ወሰድኳት። አትደንግጪ፣ አሁን ድናለች። ነርሷ እናቷ አንቺ ነሽ ወይ አለችኝ። አክስቷ ነኝ አልኩ። እናቷስ የት ናት ብላ ስትጠይቀኝ ጠበቃው ቀደመኝና «እናታችንማ ስልክ ውስጥ ናት፤ ይቺኛዋ የቤት ናት» አላት። ነርሷ በሳቅ ፈረሰች። እኔ ሳቁ አልመጣልኝም። እኔ አላስተማርኩትም፣ እመኚኝ። ፎቶሽን ለትንሿ እያሳየሁ ይቺ ማናት ስላት «እማዬ» ትላለች፤ ወዲያው ዞር ብላ እኔኑ «እማዬ፣ ውሃ» ትለኛለች። ባልሽን ቀብረሽ ለሥራ ስትሄጂ ገና ጡት አልጣለችም ነበር፤ እሷስ ምን ታድርግ?

ሊያገባኝ ስለነበረው አናጢም ጠይቀሽኝ ነበር። ልጆቹ እስኪሄዱ ታገሠኝ ብዬው፣ ታግሦ ታግሦ ሌላ አገባ። አልፈርድበትም። ሠርጉ ላይ ልጆቹን ይዤ ሄጄ፣ ትንሿ ኬኩ ውስጥ እጇን እስከ ክርኗ ነከረችው። ሙሽሪት ሳይቀር ሳቀች። እሱ ግን ኬኩን አላየም፤ እኔን ነበር የሚያየው። ይህን የምጽፍልሽ እንድታዝኚ አይደለም፤ ከሰው አፍ እንዳትሰሚው ብዬ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልለምንሽ። እንደመጣሽ ይዘሻቸው እብስ አትበዪ። እዚሁ አብረሽን ሰንብቺ፤ ከጠበቃው ጋር ተከራከሪ፣ ትንሿን እጠቢያት። እኔ ጨርቅ ልገዛ ነው እያልኩ ወጣ እላለሁ። መጀመሪያ ትሸሽሻለች፤ አትቀየሚያት። ከወሰድሻቸው በኋላም እየጠራችኝ ብታለቅስ፣ አደራሽን፣ ደውለሽ አታሰሚኝ። ጀርባዋን ቸብ ቸብ አድርጊያት፤ ዝም ትላለች።

ትናንት ጭኔ ላይ አስቀምጬ «አክስቴ በይኝ» አልኳት። ጨዋታ መስሏት ሳቀች። ደጋግሜ አስባልኳት። ኋላ ራሷ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ «አክስቴ» አለችኝ፣ ጥርት አድርጋ። ጎበዝ ብዬ አጨበጨብኩላት። ከዚያ በኋላ ክሩ ከመርፌው ቀዳዳ አልገባ ብሎኝ አንዲት እጅጌ እንኳ ሳልሰፋ መሸ።

መንገድሽን ያቅናልሽ፤ በሰላም ያግባሽ። ወገብሽን ጠብቂ፣ ከባድ አታንሺ።

ታናሽ እህትሽ፣
የልጆችሽ አክስት