ሦስት ቅጠል ስላገኘው የማይሠራ ኮምፒዩተርና ስለታሸገው የሚሠራ

የካቲት 14 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ዘአማኑኤል ተሰማ
የኮምፒዩተርና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች የአረንጓዴ ምልክት የሥራ ሂደት ባለቤት
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለጽሕፈት ቤትዎ ማኅተም ጤና እመኛለሁ፤ በተለይ ማኅተሙ ከጥር ወር ወዲህ ያለ ዕረፍት ሲሠራ ስለከረመ መጠነኛ ድካም ሳይሰማው አይቀርም። እኔ መገርሳ ቡልቻ፣ በአቃቂ በሰቃ የራዲዮ፣ የቴሌቪዥንና የኮምፒዩተር ጠጋኝ ስሆን፣ ባለሙያዎችዎ ሱቄን ካሸጉልኝ ሠላሳ ስምንት ቀን ሞልቷል። በዚህ ባገኘሁት ሰፊ የዕረፍት ጊዜ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብልዎ ወድጃለሁ።

ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ጽሕፈት ቤትዎ በሰፈራችን ያለ ኮምፒዩተርና ቴሌቪዥን ሁሉ አካባቢን የማይጎዳ መሆኑ እየተመረመረ ከአንድ እስከ ሦስት አረንጓዴ ቅጠል ያለበት ምልክት እንዲለጠፍበት፣ ቅጠል ያላገኘውም እንዲወገድ መመሪያ አወጣ። መመሪያውን አንብቤዋለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ጥሩ መመሪያ ነው። ኤሌክትሪክ የሚቆጥብ፣ ሲበላሽ የሚጠገን፣ ከአሮጌ ዕቃ ተመልሶ የተሠራ ይበረታታል ይላል። እኔም ሃያ ሁለት ዓመት የለፋሁበት ሥራ በመጨረሻ ስም ወጣለት ብዬ ደስ አለኝ፤ ባለሙያዎችዎንም በሩን ከፍቼ ወንበር አቀረብኩላቸው። ለካ ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል።

ቅሬታ እንዳይባልብኝ እየፈራሁ፣ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. በራስዎ ጽሕፈት ቤት ለሚገኘው ኮምፒዩተር ስለተሰጠው ሦስት ቅጠል። ይህ ኮምፒዩተር ከተገዛ ጀምሮ በርቶ አያውቅም። ባለሙያዎችዎ ቆጣሪ ይዘው ሲለኩት የሚፈጀው ኤሌክትሪክ ዜሮ ሆኖ ስላገኙት ተወዳዳሪ አጡለት። አይሞቅም፣ አይጮኽም፣ ወረቀት አያባክንም። እንዲህ ያለ ጨዋ ዕቃ መሸለሙ ተገቢ ነው። እኔም አንድ ጊዜ እንድጠግነው ተጠርቼ ነበር፤ ነገር ግን ከተጠገነ ቅጠሉን ያጣል ተብሎ ከደጅ ተመለስኩ።

2ኛ. ምልክቱ ስለሚለጠፍበት ቦታ። መቼም እኛ ዘንድ ውድ ዕቃ ራቁቱን አይቀመጥም፤ ዳንቴል ይለብሳል። ባለሙያዎችዎም በሥርዓት ያደጉ ስለሆኑ የሰው ዳንቴል አይገልጡም። ስለዚህ የጎረቤቴን የወይዘሮ ዳሲቱን ቴሌቪዥን በመረመሩ ጊዜ ሁለቱን ቅጠል ዳንቴሉ ላይ ለጥፈው ሄዱ። ዳንቴሉ ቅዳሜ ታጠበ፣ ቅጠሉም ከሳሙናው አረፋ ጋር ሄደ። ሰኞ ዕለት ወይዘሮ ዳሲቱ በቤታቸው አደገኛ ቴሌቪዥን በማስቀመጥ ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው። ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን ዳንቴል የሚያጥብ ሰው ጠፍቷል፤ ውሃ በመቆጠቡ ረገድ ይህም በሪፖርትዎ ይካተትልኝ።

3ኛ. ስለ ካርቶን። እኔ ዘንድ ሲመጡ ዳንቴል ስላጡ ዕቃው የመጣበትን ካርቶን ጠየቁኝ፤ ቅጠል የሚሰጠው ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ተነቦ ነውና። ያን ቀን ጠረጴዛዬ ላይ የነበረው የወርቅውሃ ኮምፒዩተር ነው። ወርቅውሃ ከፋብሪካ ከተቀነሰች ወዲህ ሁለት ልጆቿን የምታሳድገው ለባለጉዳይ ማመልከቻ እየተየበች ነው። ኮምፒዩተሯን የገጣጠምኩላት እኔ ነኝ፤ ቀፎው ከጨረታ፣ ሞኒተሩ ከሳሪስ፣ ሆዱ ከሦስት የሞቱ ኮምፒዩተሮች የተለቀመ ነው። ሊጣል የነበረ ዕቃ ሁሉ ተሰብስቦ የአንድ ቤት እንጀራ ሆነ። አቧራውን እንዳራግፍላት ለአንድ ቀን ነበር ያመጣችው። ባለሙያዎ የተሠራበትን አገር ጠየቀኝ፤ አቃቂ አልኩት። በቅጹ ላይ አቃቂ የሚባል አገር ስለሌለ «ምንጩ ያልታወቀ» ብሎ ሞላው፤ ሱቄም ኮምፒዩተሩን በሆዱ እንደያዘ ታሸገ።

4ኛ. ስለ አወጋገዱ። በመመሪያው መሠረት ይህ ኮምፒዩተር መጋቢት 1 ቀን አካባቢን በማይጎዳ መንገድ ይወገዳል ተብሏል። የቀደሙት እንዴት እንደተወገዱ አይተናል፤ ወንዙ ዳር ተከምረው ናፍጣ ተርከፈከፈባቸው። ሰፈሩ ሦስት ቀን ሙሉ በጭሱ ሲስል ሰነበተ። በአራተኛው ቀን አመዱ ላይ ችግኝ ተተከለ፤ እርስዎም ንግግር አደረጉ።

እዚህ ላይ ቀልዱ ይቅርብኝ፤ ተናድጃለሁ፣ አፍሬያለሁም። ወርቅውሃ በየጠዋቱ እየመጣች በበሩ ስንጥቅ ኮምፒዩተሯን አይታ ትመለሳለች። ባለፈው ሳምንት «ጋሽ መገርሳ፣ እኔ ያመንኩት እርስዎን ነው፤ አሁን ማንን ልጠይቅ?» አለችኝ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም እንዲሉ ሆነብኝ። የእኔ ሱቅ እንደታሸገ ይክረም፤ የእሷን ኮምፒዩተር ግን ከእሳቱ ያድኑልኝ። የምለምነው ይህን ብቻ ነው።

ከታሸገው በሬ ደፍ ላይ ተቀምጬ፣ ጉልበቴን ጠረጴዛ አድርጌ፣ ወንበርዎ እንዲረጋ፣ ማኅተምዎም ትንሽ እንዲያርፍ ከልብ በመመኘት፣

አንድም ቅጠል የሌለኝ አክባሪዎ
መገርሳ ቡልቻ
ጠጋኝ (በግዳጅ ዕረፍት ላይ)

ማስታወሻ፦ ይህን ፈርሜ ሳልነሣ ጸሐፊዎ ወይዘሪት ማህሌት የምሥራች ይዛ ደረሰች። የሱቄ እሽግ እንዲነሣ የሚያዘውን ደብዳቤ ረቂቅ እርስዎ ከአሥር ቀን በፊት አጽድቀውት ኖሯል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ሆኖም በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ ወጪ አይደረግም፤ ሦስት ቅጠል ያለው ኮምፒዩተርዎ አይበራም፤ የሰፈሩ ሌሎች ተያቢዎች ታሽገዋል። ለካ የጽሕፈት ቤትዎ ደብዳቤ ሁሉ፣ በሬ ላይ የተለጠፈው የእሽግ ወረቀት ጭምር፣ ሲተየብ የኖረው ወርቅውሃ ዘንድ ነው። ማህሌትም ረቂቁን ያመጣችው ለእሷ ነበር። ወርቅውሃ እንደ ልማዷ መጥታ ከጎኔ ተቀምጣ ነበርና ተቀብላ አነበበችው፣ ሁለት የፊደል ስሕተት አረመች፣ ከዚያም ሦስታችንም ዞር ብለን የታሸገውን በር አየን።