ምስጥ የማይቀምሰው በረንዳ

ግንቦት 3

ልብስ ላሰጣ ወጣሁ። በረንዳው ዛሬም አቼቶ አቼቶ ይሸታል። ሁለት ዓመት ሙሉ! መጀመሪያ ሰሞን "ሰላጣ ቤት ገባን" እያልን እንስቅ ነበር... አሁን ያስጠላኛል። ባሌ ለምዶታል። አናጢ አይደል፣ አፍንጫው ከሙጫና ከቫርኒሽ ሌላ አያውቅም።

እንጨቱ ጥድ ነው፣ በጥፍር የሚጫር ዓይነት። ግን ፋብሪካ ውስጥ የአቼቶ ዘመድ በሆነ ኬሚካል ነክረው ሌላ ነገር አድርገውታል። ዝናብ አያበሰብሰውም፣ ምስጥ አይቀምሰውም። ባሌ በረንዳውን መጀመሪያ ለኛ ሠራው፣ በወሩ ደግሞ ለልጃችን። የሷ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው።

ግንቦት 9

ከብሎኖቹ ሥር ጥቁር ነገር ወርዷል። የተኳለ ዓይን ሲያለቅስ እንደሚወርደው። አሳየሁት። ቢላ አውጥቶ እንጨቱን ወጋ ወጋ አደረገና፣ "ድንጋይ! ድንጋይ እኮ ነው አንቺ ሴትዮ!"

እውነቱን ነው፣ ቢላው አልገባም። ታዲያ ልቤ ለምን አላርፍ አለ?

ግንቦት 21

ሲረገጥ ሲጥ ሲጥ ይል ጀመር። ልጄ ጋ ደወልኩ። የናንተስ በረንዳ?

"እማዬ ደግሞ! አባዬ የሠራው እኮ ነው።"

የአባቷ ልጅ! እሱ ቀን ነው ካለ ለሷ ቀን ነው። ጠዋት ጠዋት እዚያው ቁጭ ብላ ነው ጸጉሯን የምታበጥረው።

ሰኔ 2

ዝናብ። ብሎኖቹን እይ ስላልኩት ባሌ አኩርፎኛል። "ሰፈሩ ሁሉ ሚሊ የሚለኝ አንዲት ሚሊ ስለማልስት ነው። አንቺ ልታስተምሪኝ?"

ሰኔ 6

እንጨት ሻጩ በሌላ ጉዳይ መጣ። ሻዩን ይዞ በረንዳው ላይ ቆመ... ጎንበስ አለ... ፊቱ ልውጥ አለ።

"ጋሼ፣ በምን ብሎን ነው ያሰሩት?"

"እንደ ሁልጊዜው ነዋ፣ በነጩ፣ በተራው።"

"እንዴ! ነግሬዎት ነበር እኮ። ይሄ እንጨት ውስጥ አሲድ ይቀራል፣ ተራ ብረት ይበላል። የማይዝገውን ነበር..."

"ብሎን የምትመርጥልኝ አንተ ነህ?" አለ ባሌ። ግን ካቻቪቴ አመጣ። ገና ሲነካው የብሎኑ ራስ ተቀንጥሶ ወደቀ። የቀረውን በጣቱ ሳበው፣ ከመርፌ አይወፍርም። እንጨቱ እንደ አዲስ ነው። የያዘው ብረት ነው ያለቀው።

ልጄ! ስልኬን አነሳሁ። እጄን ያዘኝ።

"በስልክ አይሆንም። የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ራሴ ፊቷ ቆሜ እነግራታለሁ። አሁኑኑ እሄዳለሁ።"

እንዲያ አንገቱን ሲደፋ አይቼው አላውቅም። አሳዘነኝ። ስልኩን አስቀመጥኩት። መሣሪያውን ይዞ ወጣ።

እየጠበቅኩ ነው። ልደውል? ኧረ ተዪ... አሁን ደርሶ ይሆናል።

ሰኔ 19

የነገረችኝ ጎረቤቷ ናት። ልጄ ከላይ ሆና አባቷ መንገዱን ሲሻገር አየችው። ደስ ብሏት ወደ በረንዳው ወጣች። እሱ ከታች፣ "ግቢ! ወደ ውስጥ ግቢ!" ይላል። መንገዱ በመኪና ጩኸት ተሞልቷል፣ አልሰማችውም። "ምን አልከኝ አባዬ?" ብላ መደገፊያውን ይዛ ወደሱ ዘንበል አለች።

አንድም ጣውላ አልተሰበረም አሉ።

ከቀበርናት ወዲህ ባሌ ቃል አልተነፈሰም። አልጠላሁትም፣ ልጠላው ግን ሞክሬ ነበር። ያጣናት እጄን ስለያዘኝ ነው? ወይስ እኔው ስላዘንኩለት? አንድ ስልክ እኮ ነበር... አንድ ስልክ!

ዛሬ ጠዋት ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ደወልኩላት። ጠራ። ስልኳ ባሌ ጋ ነው፣ ከዕቃዋ ጋር ሲሰጡት ኪሱ ከቶት ነበር፣ ቻርጅም ያደርገዋል። ከመኝታ ቤት ሲያነሳው ሰማሁት።

"አቤት፣ ልጄ" አለ።

መልስ አልሰጠሁትም። አልዘጋሁበትምም።