ጥሬ የማትበላው ወፍህ

ውድ ወንድሜ፣

ይህን የምጽፍልህ ፀጉር ቤቴ ውስጥ፣ ደንበኛዬን ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር አስቀምጬ ነው። ጫካ ውስጥ ወዳለው የወፍ ጥናት ጣቢያችሁ ስንቅ የሚያመላልሰው ሾፌር፣ የተራራውን መንገድ ናዳ እንደቆረጠውና ከዚያ ወዲያ በእግሩ እንደሚቀጥል ሲነግረኝ ወዲያው ደወልኩልህ። ስልክህ አይጠራም። ለእማዬ አልነገርኳትም። እኔ! "ጡሩምባ" እያልክ የምታበሽቀኝ እኔ፣ ምስጢር ይዤ አፌን ዘግቼ መዋል ጀመርኩልህ።

ክንፏ እስኪድን ብለህ የተውክልን ወፍም ሌላ ጭንቅ ሆነችብኝ። ምግብ እምቢ አለች። እማዬ ደግሞ አንተን አድርጋ ነው የምታያት፤ "እሷ ካልበላች ልጄም አልበላም" ብላ እህል አልቀምስ አለች። ጥሬ በተነችላት፣ ሩዝ አቀረበችላት፤ ወፊቱ ፊቷን አዞረች።

"እማዬ፣ ይቺ የተራራ ጫካ ወፍ ናት። ነፍሳት እንጂ ጥሬ አትበላም።"

"ጥሬ የማይበላ ወፍ የት ታይቶ! ተሞላቅቃ ነው። ያመጣት ማን ሆነና!"

ቢጨንቀኝ "ዝንብ ይዛ ለመጣች ቅንድብ በነጻ" ብዬ አወጅኩ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ በሳቅ ፈረሰች። "አንቺ፣ ደግሞ የዝንብ ሥጋ ቤት ከፈትሽ?" እያለች ግን የመጀመሪያዋን ይዛ የመጣችው እሷው ናት። ወፊቱ ዝር አላለችም፤ ዝንቧ ሞታለቻ! "የማይንቀሳቀስ ነገር ለእሷ ምግብ አይደለም" ያልከኝ ያኔ ትዝ አለኝ። አንዲት የሞተች የእሳት እራት በቅንድብ መንቀያዬ ይዤ ፊቷ ላይ አንቀጠቀጥኩላት። እጄ ስላንተ በማሰብ ድሮም ሲንቀጠቀጥ ስለሰነበተ ብዙ አልለፋሁም። ላፍ አድርጋ ዋጠቻት!

እማዬ ወዲያው ሳህኗን ሳበች። "አየሽ? ልጄ በልቷል" አለችኝ። እኔ እንባዬን ልደብቅ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

አሁን ክንፏ ድኗል፤ መስኮቱን እያንኳኳች ወደ ጫካዋ የሚመልሳትን ትጠብቃለች። እማዬም "መቼ ነው የሚመጣው?" ትለኛለች። የምመልስላት ውሸት አልቆብኛል።

ወንድምዬ፣ ይህን ይዞ ለሚመጣው ሾፌር በገዛ እጅህ ጽፈህ ስጠው። "ደህና ነኝ" አትበለኝ፤ እሱንማ ማንም ይጽፈዋል። ስደበኝ። ካንተ በቀር ማንም የማይጠራኝበትን ያንን ስም ጽፈህ ላክልኝ። ያን ቀን ለሰፈሩ ሁሉ እነፋዋለሁ።

እስከዚያው አፏን ዘግታ የምትጠብቅህ እህትህ፣
ጡሩምባ