አምፖል ሥር ሮዝ የሆነው ጥቁርና ነጭ ፎቶ

ቅዳሜ፣ የካቲት 8፣ ሰበታ

አንጀቴ እርር ብሏል። አዲስ አበባ ለፎቶ ውድድር የወሰድኩትን ሥራ ዳኛው ገና ሳይሰቅለው መለሰልኝ። ጎረቤቴ ኦቦ ቶለሳ ጤፍ ወቅተው ገለባው ላይ አረፍ ሲሉ ያነሳኋቸው ፎቶ ነው።

ለኢንክጄት ፕሪንተሬ የሚሆን ጥቁር ቀለም ከገበያ ስለጠፋ፣ ሌሎቹን ቀለሞች እያቀላቀለ ጥቁሩንም ግራጫውንም እንዲያወጣ አደረግኩት። ቤቴ መስኮት ሥር ስንት ጊዜ አገላብጬ አየሁት! ጥርት ያለ ጥቁርና ነጭ ነበር። አዳራሹ ግን መጋረጃው ሁሉ ተዘግቶ ቢጫ አምፖል ብቻ ነው የበራው። እዚያ ከፖስታው ሳወጣው ቅልቅሉ ቀለም በአምፖሉ ብርሃን መልኩን ቀይሮ የሽማግሌው ፊት ሮዝ ሆኖ ቁጭ አለ።

«ወንድሜ፣ ውድድሩ እኮ የጥቁርና ነጭ ነው» አለኝ ዳኛው እየሳቀ።

«እባክህ፣ ውጪ ወጥተን በፀሐይ እንየው» ብዬ ብለምነው፣ «የምንዳኘው እዚሁ ነው» ብሎ ቀጣዩን ተወዳዳሪ ጠራ። መጋረጃውን ገለጥ ቢያደርግ ምን ይሆን ነበር? በመብራታቸው ይሙቁበት!

ሰፈር ስደርስ ኦቦ ቶለሳ ደጃቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ፊቴን አይተው ገባቸው።

«አካም ኦልቴ፣ ልጄ? እኔን ነው የጣሉት?»

«አንቱንማ አይደለም፣ ኦቦ። ቀለሙን ነው።»

ፎቶውን ተቀብለው ፀሐዩ ላይ ዘረጉት። ራሳቸውን ረጅም ሰዓት አዩ። ጀርባውንም ገልብጠው ፈለጉ።

«የምን ቀለም?» አሉኝ።